የገረዶች ታሪክ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን

ጦሯን ወደ መቅደላ የሰደደችው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1837 ነገሠች። በዘመኗም ነጋዴውና ጠበቃው በለጸጉ፤ ለሚስቶቻቸውም ገረድ ማሳደር ክብር ሆነ። በነገሠች በ14ኛው ዓመት ሕዝቡ ቢቈጠር በሰው ቤት የሚያገለግለው ከሚሊዮን በላይ ሆነ፤ የሚበዙቱም ሴቶች ነበሩ።

በታላላቆቹ ቤቶች አገልጋዩ ሁሉ እንደ ቤተ መንግሥት ሰው በማዕረግ ቆመ፤ አዛዡና ባለቁልፏ የጓዳ ሹም ከላይ፣ ዕቃ አጣቢዋ ብላቴና ከሁሉ በታች ነበሩ። በትንሹ ቤት ሁሉን ብቻዋን የምትሠራዋ ገረድ ግን መከራዋ በዛ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ አመዱን ታወጣለች፤ የድንጋይ ከሰልና ሙቅ ውሃ ተሸክማ ፎቅ ትወጣለች፤ የሌሊቱን ዕቃ ታወርዳለች፤ የደጁንም ደረጃ ተንበርክካ ትፈገፍጋለች። ሥራዋ በምድር ቤት፣ መኝታዋ በጣሪያ ሥር ነበረ። በ1861 የታተመው የወይዘሮ ኢዛቤላ ቢተን መጽሐፍ ለእንዲህ ያለችቱ ከ9 እስከ 14 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ቈረጠ። ከደመወዙም ይልቅ የምስክር ወረቀቱ ያስጨንቃት ነበር። እመቤቷ ጠባይዋን መስክራ ካልጻፈችላት ሌላ ቤት አይቀበላትም፤ ለመጻፍም ሕግ አያስገድድም ነበርና ብትሰደብ ዝም አለች።

በዚያው በ14ኛው ዓመት ጆርጅ ስሎን የተባለ የሕግ ሰው ከነሚስቱ፣ ከድሆች መጠጊያ ያመጣትን ጄን ዊልብሬድ የምትባል ብላቴና አስራባት፤ ደበደባትም። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሎንዶን ተቈጣች፤ ባልና ሚስቱም 2 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፓርላማውም ለብላቴና አገልጋዩ የሚገባውን ምግብና ልብስ የከለከለ ጌታ ይቀጣ ብሎ ደነገገ፤ ከመጠጊያው ወጥተው የሚቀጠሩትን ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ሹም በዓመት 2 ጊዜ እንዲጎበኛቸው አዘዘ። ስለ ሥራው ሰዓት ግን ሕጉ ዝም አለ።

በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሺር የተወለደች ሃና ካልዊክ የምትባል ገረድም ነበረች። በ8 ዓመቷ ሥራ ገባች፤ ካደገችም በኋላ ያጠበችውን ድስትና የጠረገችውን ጫማ ዕለት ዕለት በእጇ ጻፈች። ያጻፋትም አርተር መንቢ የሚባል ባለቅኔ ነበረ። አፄ ቴዎድሮስ በሞቱ በ5ኛው ዓመት በስውር አገባት፤ እርሷ ግን እመቤት መባልን እንቢ ብላ በሰው ፊት ገረዱ ሆና ኖረች። ንግሥቲቱ በ1901 ሞተች፤ ሃናም በ1909 አረፈች። ጽሑፏ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ በሣጥን ተቈልፎ ቆይቶ በ1950 ተከፈተ። ስለዚህም የምድር ቤቱ ሥራ ታሪክ ከጌቶች አፍ ብቻ ሳይሆን ከሠራችው እጅ ተገኘ።