የጥራት የምስክር ወረቀት የስደተኛ መጠለያ አያያዝን ያሻሽላል?

በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ዘመንም ስደተኞችን ያስጠጋ ስፍራ ነው።

የመጠለያ አያያዝ በምን ይለካል? ስፊር የተሰኘው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃና 3.5 ካሬ ሜትር መኖሪያ፣ ለ20 ሰዎች ደግሞ አንድ መጸዳጃ ቤት እንዲኖር ይጠይቃል። ሆኖም ስፊር የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

የእርዳታ ድርጅቶች የምስክር ወረቀት የሚያገኙት በ2007 ዓ.ም. ይፋ በሆነውና ዘጠኝ ግዴታዎችን በያዘው ዋናው የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ ተመዝነው ነው። ገለልተኛ ኦዲተሮች ሰነድ ይመረምራሉ፣ ተረጂዎችን ያነጋግራሉ፣ ቅሬታ ሰሚ መኖሩንም ያጣራሉ።

ፋይዳው እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ በትክክል ከተተገበረ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ስደተኛ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል፤ ድርጅቱም ምላሽ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ይሁንና ወረቀቱ የሚሰጠው ለድርጅቱ እንጂ ለጣቢያው አይደለም። ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን ነው፤ ውሃውን፣ ሕክምናውንና መጠለያውን ደግሞ የተለያዩ ድርጅቶች ይጋሩታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን ራሷ በጦርነት ውስጥ ናት። የምስክር ወረቀት የድርጅቶችን ተጠያቂነት ሊያጠናክር ይችላል፤ የገንዘብ እጥረትንና የጸጥታ ችግርን ግን አያስወግድም።