ሽታው የት ሄደ?

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የማያውቅ የለም። ያ ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ ድኝ ከሃይድሮጂን ጋር ሲጣመር የሚፈጠር ጋዝ። ኬሚስትሪ ያስተማርኳችሁ ልጆች ቀመሩን እንደማትረሱት ተስፋ አለኝ። ዛሬ ግን ቀመሩን ትተን ታሪኩን እናውራ። የሰው ልጅ ይህን ነገር ከጋዝ ውስጥ ለማውጣት 200 ዓመት ታግሏል፤ ከትግሉ የምንማረው ደግሞ ለኛም ሰፈር ይሆናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ነው። በ1812 አንድ ኩባንያ ለከተማዋ የጋዝ መብራት እንዲያቀርብ ፈቃድ አገኘ። ጋዙ የሚገኘው የድንጋይ ከሰልን አየር በማይገባው ምድጃ ውስጥ በማጋል ነበር። ከሰሉ ውስጥ ድኝ ስላለ ጋዙም ይገማል። ሳይነድ ያመለጠው የብር ዕቃ ያጠቁራል፤ የነደደው ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ የመጻሕፍትን የቆዳ ሽፋን ይበላል።

መሐንዲሱ ሳሙኤል ክሌግ መላ አመጣ፦ ጋዙን በኖራ ውኃ ውስጥ ማሳለፍ። ኖራው ድኙን ይዞ ያስቀራል። ጥሩ ነው! ግን ድኝ የጠጣው ኖራስ የት ይሂድ? ሠራተኞቹ «ሰማያዊ ቢሊ» የሚል ስም ያወጡለት፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ዝቃጭ ሆነ። ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ወንዙን አበላሸ። በኋላ በደረቅ ኖራ ሞከሩት፤ የማጣሪያው ሣጥን በተከፈተ ቁጥር አካባቢው በክርፋት ይታፈን ጀመር። ልብ በሉ፦ ሽታው አልጠፋም። ከባለ መብራቱ ሳሎን ወጥቶ ጋዝ ፋብሪካው አጠገብ ወደሚኖረው ድሃ ቤት ሄደ እንጂ።

በ1849 ፍራንክ ሂልስ የተባለ እንግሊዛዊ በዝገት የማጣራት ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አዎ፣ ዝገት! እርጥብ የብረት ኦክሳይድ ድኙን ይይዛል፤ ከዚያ አየር ላይ ሲሰጣ ድኙ እዚያው ተለይቶ ይቀርና ዝገቱ እንደገና ለሥራ ይደርሳል። እንዲህ እየተመላለሰ የክብደቱ ግማሽ ያህል ድኝ ሲሞላው ለሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ይሸጣል። ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው፤ የሚደፋው ነገር ገዢ አገኘ።

በ1883 ደግሞ ለንደን ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ፍሪድሪክ ክላውስ ጋዙን ከአየር ጋር በካታሊስት ላይ አሳልፎ ድኝ የሚያወጣ ዘዴ አስመዘገበ። በ1936 ጀርመኖች አሻሻሉት፦ የጋዙ አንድ ሦስተኛ ይቃጠላል፣ የተቃጠለው ከቀረው ጋር ሲገናኝ ድኝና ውኃ ይሆናል። ዛሬ ዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ድኝ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ የሚወጣ ነው። ገበሬዎቻችን የሚጠቀሙበት የፎስፌት ማዳበሪያም የሚሠራው ከድኝ በሚገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የትናንቱ ግማት የዛሬ ማሳ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ድኝን ከጋዝ መለየት ማለት መርዙን አንድ ቦታ ማከማቸት ነውና። በኅዳር 24፣ 1950 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፖሳ ሪካ በምትባል የነዳጅ ከተማ፣ አዲስ የድኝ ማውጫ ፋብሪካ ተበላሸ። ሊነጋጋ ሲል ጋዙ ሳይቃጠል አመለጠ። ነፋስ የለም፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቷል። ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ በቤቶቹ መካከል ተንጣለለ። ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ 22 ሰው ገደለ፤ 320 ሰው ሆስፒታል አስገባ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር።

«ሽታው አልቀሰቀሳቸውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ይህ ጋዝ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንድ እንኳ ሳይሞላ ይሸታል። ወደ 100 ሲጠጋ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከ500 በላይ ሲሆን በአጭር ጊዜ ይገድላል። አፍንጫ ጥሩ ዘብ ነው፤ ሌባው ሲበረታ ግን ቀድሞ የሚተኛው እሱ ነው።

የእርሻውም ነገር ያው ነው። እበትና ፍሳሽ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ ይኸው ጋዝ አለ፤ ዝቃጩ ሲነቃነቅ በድንገት ይወጣል። ለእርባታ ቤቶች ሽታ መፍትሔ የሆነው ከአፈር መጣ። በ1957 አሜሪካዊው ሪቻርድ ፖሜሮይ የሚሸተውን አየር በአፈር ውስጥ የማሳለፍ ዘዴ አስመዘገበ፤ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሽታውን ይበሉታል። ዛሬ በብዙ አገር የአሳማና የዶሮ ቤት አየር በእንጨት ፍርፋሪ ክምር ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ባዮጋዝ የሚያመርቱም ያንኑ የ1849ኙን ዝገት ይጠቀማሉ።

እንግዲህ «ሽታ አጠፋን» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ ፋብሪካም ይሁን ቄራ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የት ሄደ? ወንዝ ገባ? ጎረቤት ሄደ? ወይስ በእርግጥ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ?

ሌላው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሽንት ቤት ወይም የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ ቢወድቅ «አሁንስ አይሸትም» ብላችሁ እንዳትከተሉት። ሊያወጣ የገባውም እዚያው የሚቀርበት አደጋ በየአገሩ ይደጋገማል። የአየር መተንፈሻ መሣሪያ ያለውን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጥሩ። ጉድጓድ ለሚቆፍርና ለሚጠርግ ወገናችሁ ይህንን ንገሩልኝ፤ እሱ ፌስቡክ ላይ ላይኖር ይችላል።