የግራፊክስ ካርድ መቼ ያረጃል? ከ1996 እስከ 2024 የታየው ልምድ

ማረሻ እየደነዘ ይሄዳል፤ የመኪና ጎማም በመንገድ ይበላል። ባለቤታቸው የሚለውጥበትን ጊዜ ከዕቃው ገላ ላይ ሊያነበው ይችላል። ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚያገለግለው የግራፊክስ ካርድ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። ካልተበላሸ በቀር፣ በተገዛ በአምስተኛው ዓመት የሚሠራው በተገዛበት ቀን ይሠራ የነበረውን ያህል ነው። የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነው፤ ይኸውም ጨዋታው፣ ስክሪኑ፣ መሰኪያውና ገበያው። ከዚህም የተነሣ ካርዱን የመለወጡ ጥያቄ ከፍጥነት ይልቅ በእነዚህ ነገሮች ሲወሰን ኖሯል። ምንም እንኳ አምራቾቹ በየጊዜው የሚያስታውቁት ፍጥነቱን ብቻ ቢሆን፣ የሠላሳ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1996 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ «ቩዱ ግራፊክስ» የተሰኘውን ካርድ ለገበያ አቀረበ። ካርዱ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነበረው፤ ተራውን የስክሪን ሥራም ጨርሶ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ሌላ ካርድ ከጎኑ መኖር ነበረበት፤ ሁለቱም ከኮምፒዩተሩ ጀርባ በአጭር ገመድ ይያያዙ ነበር። ዛሬ ሲታሰብ አስቸጋሪ አሠራር ይመስላል። ይሁን እንጂ በ1997 መጀመሪያ ላይ አይዲ ሶፍትዌር «ኩዌክ» የተባለውን ጨዋታ በካርድ እንዲሣል አድርጎ ሲያወጣው፣ ቀድሞ በፕሮሰሰሩ ብቻ ሻክሮ ይታይ የነበረው ምስል ለስልሶና ፈጥኖ ታየ። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣበት ጨዋታ በእጁ ስለ ነበረ ውሳኔው ቀላል ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ እንደዚህ ቀላል አልሆነም። በ1999 መጨረሻ ኢንቪዲያ «ጂፎርስ 256» የተባለውን ካርድ ሲያወጣ፣ የነገሮችን ቅርጽና ብርሃን የማስላቱን ሥራ ከፕሮሰሰሩ ወስዶ ለካርዱ ሰጠው። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ግን ይህን ችሎታ የሚጠቀሙ ጨዋታዎች በወቅቱ ጥቂት ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2000፣ ይኸው ችሎታ ያለው «ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ» በብዙ ባነሰ ዋጋ መጣ። ለተስፋ ብቻ ቀድሞ የገዛው ሰው የከፈለው የሌሎችን መማሪያ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ለአምራቹ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስሪዲኤፍኤክስ በ2000 ያወጣው «ቩዱ 5» ይህ ችሎታ አልነበረውም፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኩባንያው ዋና ንብረቱን ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። የውድቀቱ ምክንያት ይህ ብቻ አልነበረም፤ ካርድ የሚሠራ ሌላ ድርጅት ገዝቶ ከቀድሞ ደንበኞቹ ጋር መፎካከሩና በሥራ መዘግየቱም ጎድተውታል። የቩዱ ባለቤቶች ግን ካርዳቸው ደህና ሳለ ሶፍትዌሩን የሚያድስላቸው አጡ። ካርድ በዚህም መንገድ ያረጃል።

በ2004 ደግሞ ያረጀው መሰኪያው ነበር። ከ1997 ጀምሮ ያገለገለው ኤጂፒ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታውን መልቀቅ ጀመረ። ያ ዓመት «ዱም 3» እና «ሃፍ ላይፍ 2» የወጡበት ስለ ነበረ ብዙ ሰው አዲስ ካርድ ይሻ ነበር። ሆኖም አንድ ካርድ ለመለወጥ የተነሣ ሰው ማዘርቦርዱን፣ ብዙ ጊዜም ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን አብሮ እንዲለውጥ ተገደደ። አምራቾች ለተወሰኑ ዓመታት ለአሮጌው መሰኪያ የሚሆኑ ካርዶችን መሥራታቸው ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል።

እዚህ ላይ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ስሌት አለ። በሴኮንድ 60 ምስል ለማሳየት ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱን ድርሻ ለመጨረስ 20 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅበት ከሆነ፣ የትኛውም ካርድ ቢሰካ በሴኮንድ ከ50 ምስል በላይ አይገኝም። ማረጋገጫውም ያለ ወጪ የሚደረግ ነው፤ የምስሉን የፒክስል ብዛት ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ፍጥነቱ ካልጨመረ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም። በተቃራኒው ከ1920 በ1080 ወደ 3840 በ2160 ስክሪን የተሸጋገረ ሰው የፒክስሉን ብዛት አራት እጥፍ አድርጎታልና፣ ትናንት የበቃው ካርድ ዛሬ ቢያንሰው ሊደነቅ አይገባም። ስክሪን የሚገዛ ሰው ሳያውቀው ካርድም እየገዛ ነው።

ገበያውም የራሱን ፍርድ ይሰጣል። በሴፕቴምበር 2020 «አርቲኤክስ 3080» 699 ዶላር ተብሎ ወጣ፤ ግን በዚያ ዋጋ ያገኘው ጥቂት ሰው ነው። የወረርሽኙ ዘመን ፍላጎትና የቺፕስ እጥረት፣ በተጨማሪም ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርዶች የማውጣቱ ሥራ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው። ኢቴሪየም ይህን አሠራር የተወው በሴፕቴምበር 2022 ነው። በ2016 የወጣው «ጂቲኤክስ 1060» በስቲም የተጠቃሚዎች ጥናት እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በአንደኛነት መቆየቱ የባለቤቶቹን ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ይህንም ያንጸባርቃል።

በመካከሉ የ1999 ታሪክ ተደግሟል። በሴፕቴምበር 2018 ኢንቪዲያ «አርቲኤክስ 2080»ን ሲያወጣ፣ የብርሃን ጨረርን መንገድ ተከትሎ ጥላና ነጸብራቅ የሚያሰላውን ሬይ ትሬሲንግ አስተዋወቀ። ካርዱ በተሸጠበት ቀን ግን በዚህ የሚሣል ጨዋታ አልተዘጋጀም ነበር፤ «ባትልፊልድ 5» ይህን የያዘው በኖቬምበር ነው። በማርች 2017 በ699 ዶላር የወጣውን «ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ» ከነ11 ጊጋባይት ሜሞሪው የያዘ ሰው ለመለወጥ የሚያስቸኩል ምክንያት አልነበረውም። አለመቸኮሉም ለዓመታት አዋጥቶታል። በዲሴምበር 2024 የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» ግን ለሬይ ትሬሲንግ የተሠራ ክፍል ያለው ካርድ ግዴታ አደረገ። በ2019 የወጣው «አርቲኤክስ 2060 ሱፐር» ከነ8 ጊጋባይቱ የጨዋታው ዝቅተኛ መስፈርት ሆኖ ሲገባ፣ በሜሞሪም በጉልበትም የማያንሰው 1080 ቲአይ ከበር ቀረ።