የቅዱሳን በዓልና የዕለቱ ምንባብ

የዘመን መቍጠሪያ ቀንና ወር የሚለካበት መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ ሊረሳው የማይወደውን ነገር የሚያኖርበት ግምጃ ቤትም ነው። በአገራችን ገበሬው «በሚካኤል ማግሥት እመጣለሁ»፥ «ዕዳዬን ለጊዮርጊስ እከፍላለሁ» ሲል፥ 12ንና 23ን በቍጥር ሳይጠራ ቀኑን ያስታውቃል። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም የቅዱሳን መታሰቢያና በየዕለቱ የሚነበበው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ዓመቱን እየተከፋፈሉ ይዘውት ይገኛሉ። የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ለመምህራን የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ጊዜው ጥቂት፥ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ግን ብዙ ሲሆን፥ የትኛው ይያዝ፥ የትኛውስ ይተው የሚለው ጥያቄ የእኛም የዘወትር ጥያቄ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቅዱሳንን ቀን ማክበር የተጀመረው በሰማዕታት መቃብር ዙሪያ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ጳጳሳቸው ፖሊካርፖስ ከተገደለ በኋላ በጻፉት መልእክት፥ የሞተበትን ቀን እንደ ልደት ቀን በየዓመቱ ተሰብስበው እንደሚያስቡ ገልጸዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ ያለፉትን ተጋዳዮች ለማስታወስና የሚመጡትን ለማዘጋጀት ነው ብለዋል። እንግዲህ በዓሉ ከመጀመሪያው የትምህርት ዓላማ ነበረው ማለት ነው። በ354 ሮም ውስጥ በተዘጋጀ አንድ የዘመን መጽሐፍ ደግሞ የሰማዕታቱ የመቃብር ቀንና ስፍራ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ከዘመን ወደ ዘመን ስሙ እየበዛ ሄደ። ከትሬንቶ ጉባኤ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ አምስተኛ በ1568 የጸሎት ሰዓታትን መጽሐፍ፥ በ1570 መጽሐፈ ቅዳሴን ባሳተሙ ጊዜ ከበዓላቱ ብዙዎቹን ቀነሱ፤ ነገር ግን በተከታዮቹ መቶ ዓመታት ባዶው ቀን እንደ ገና ሞላ። ከዚህ የተነሣ ምንባቡ ተጐዳ። የእሑድ ምንባብ በየዓመቱ ያው አንዱ ይደገም ነበር፤ ከዐቢይ ጾም በቀር በአዘቦት ቀን ለቅዱሱ የተመደበው ክፍል ይነበባል፥ በዓል ከሌለም ያለፈው እሑድ ምንባብ ይመለሳል። ለደናግል የተመደበው የዐሥሩ ደናግል ምሳሌ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሲሰማ፥ ከብሉይ ኪዳን አብዛኛው ክፍል በቅዳሴ ላይ ከቶ አይሰማም ነበር።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1963 ስለ ሥርዐተ አምልኮ ባወጣው ውሳኔ፥ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገብ ለምእመናን በሰፊው እንዲከፈት፥ የቅዱሳንም በዓል የድኅነትን ምሥጢር ከሚያስበው በዓል እንዳይበልጥ አዘዘ። በዚሁ መሠረት በ1969 አዲስ የምንባብ ሥርዐት ወጣ። የእሑዱ ምንባብ በሦስት ዓመት፥ የአዘቦቱ የመጀመሪያ ምንባብ በሁለት ዓመት እንዲዞር፥ የአዘቦቱ ወንጌል ግን በየዓመቱ እንዲመለስ ተደረገ። አዲሱ የበዓላት ሰሌዳም ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህ ለውጥ ያለ ሐዘን አላለፈም። በመንገደኞች ዘንድ እጅግ የሚወደደው ክሪስቶፎሮስና ቅድስት ባርባራ ከአጠቃላዩ ሰሌዳ ወጡ፤ ጊዮርጊስም በፈቃድ ከሚታሰቡት መካከል ተመደበ። ብዙ ሰዎች ቅድስናቸው የተሻረ መስሏቸው ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መታሰቢያቸው ለየአገሩና ለየማኅበሩ ተተወ እንጂ አልተከለከለም። በሌላ በኩል ደግሞ ለረጅም ዘመን በአውሮፓውያን ስሞች ተሞልቶ በነበረው ሰሌዳ ላይ ለሌሎች አሕዛብ ስፍራ ተገኘ። ከ1885 እስከ 1887 በንጉሥ ሙዋንጋ ዘመን የተገደሉት 22 የኡጋንዳ ካቶሊካውያን በ1964 ቅድስናቸው ታውጆ፥ ሰኔ 3 ቀን በዓለም ሁሉ እንዲታሰቡ ሆኑ። መሪያቸው ካርሎስ ልዋንጋ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉትን ወጣቶች ያስተምር ነበር፤ ሞት በቀረበ ጊዜም ገና ያልተጠመቁትን ራሱ አጠመቃቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ለየዕለቱ ምንባብ መወሰን አዲስ ነገር አይደለም። ግጻዌ በየቀኑ የሚነበበውን ያመለክታል፤ ስንክሳር የዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ ይተርካል፥ መጨረሻውንም በሰላምታ ግጥም ይዘጋል። በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኢጣሊያዊው ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የላቲኑን ሥርዐት በሕዝቡ ላይ ከመጫን ይልቅ የግእዙን ሥርዐት የመረጠው የዚህን ሀብት ዋጋ ስለ ተረዳ ነው። የጐጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ባልንጀራው ሆነ፤ በ1855 በእስራት ሳለ ዐረፈ። እርሱ በ1926 ብፅዕናው፥ ዴ ያቆቢስ በ1975 ቅድስናው ታወጀ። ዛሬም በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ዘንድ ከፊሉ በግእዝ፥ ከፊሉ በላቲን ሥርዐት ይቀድሳል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? ስሞች እየተደራረቡ ሲሄዱ ንባቡን ይውጡታል፤ ንባብም የሰው ሕይወት ካልታየበት ደረቅ ቃል ሆኖ ይቀራል። በትምህርት ቤታችንም እንዲሁ ነው። የጀግኖችን ስምና ዘመን ብቻ የሚያስቈጥር መምህር፥ ዋናው መጽሐፍ ሳይነበብ ዓመቱ ያልቅበታል፤ መጽሐፉን ብቻ የሚያስነብብ ደግሞ ተማሪው «ይህን ማን ኖረበት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያጣል። ስለዚህ በየጊዜው ሰሌዳችንን መመርመር ይገባናል። በምንመረምርበትም ጊዜ ከዝርዝሩ የወጣ ሁሉ የተናቀ እንዳይመስል ምክንያቱን ለልጆቹ እንግለጽላቸው፤ ሰው የለመደውን ሲያጣ የሚያዝነው ብዙ ጊዜ ለምን እንደ ሆነ የሚነግረው በማጣቱ ነውና።