የሲኤምኤል ክኒን እንዴት ይሠራል? ለምንስ ይቀየራል?

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ባጭሩ ሲኤምኤል፣ ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር ነው። እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ለዚህ ሕመም ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ታዞላችሁ ከሆነ፣ አሠራሩን ማወቃችሁ ክኒኑ በየቀኑ የሚወሰድበትን ምክንያት ለመረዳት ይጠቅማችኋል።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

በአንድ የመቅኔ ሴል ውስጥ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ አዲስ ጂን ይፈጠራል። ይህ ለውጥ ከወላጅ አይወረስም፤ ወደ ልጅም አይተላለፍም። ከጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ካይኔዝ ከሚባሉት ወገን ነው። ካይኔዞች ኤቲፒ ከተባለው የሴል ኃይል ፎስፌት ወስደው በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ በመለጠፍ ሴሉ እንዲባዛ መልእክት ያስተላልፋሉ። ጤነኛው ካይኔዝ ሥራው ሲያበቃ ያርፋል። ቢሲአር-ኤቢኤል ግን ስለማያርፍ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ ይበዛሉ።

ክኒኑ ምን ያደርጋል?

ፕሮቲን የራሱ ቅርጽ አለው። ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ ሲመረምሩት ኤቲፒ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ምን እንደሚመስል ታወቀ። ኢማቲኒብ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑን ባረፈበት ቅርጽ ይይዘዋል። በአሜሪካ በ2001 የተፈቀደው ይህ ክኒን ብዙ ታማሚዎች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ አስችሏል።

ለምን ሊቀየር ይችላል?

አንዳንድ ጊዜ የጉድጓዱ ቅርጽ ይለወጣል። ለምሳሌ በፕሮቲኑ 315ኛ ቦታ ላይ ያለው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን ሲተካ ኢማቲኒብ መያዣ ያጣል፤ መግቢያውም ይጠብበታል። ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም በዚህ ለውጥ ላይ አይሠሩም። ፖናቲኒብ ግን ይህን እንቅፋት እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሲሚኒብ ደግሞ በፕሮቲኑ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሐኪምዎ ክኒኑን ቢቀይር ተስፋ ቆረጠ ማለት አይደለም።

ምን ማድረግ ይገባዎታል?

• ኢማቲኒብን በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱ።
• ደህና ስለሆኑ ብቻ አያቋርጡ። መድኃኒቱን ማቆም የሚቻለው ውጤታቸው ለዓመታት በጣም ጥሩ ሆኖ ለቆየ አንዳንድ ታማሚዎች፣ ያውም በሐኪም ክትትል ነው።
• ክኒን ዘለው ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን ከፍ ሲል ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የጂን ለውጥ ምርመራም ሊያዝ ይችላል።
• መድኃኒቱ ሊያልቅ ወይም ዋጋው ሊከብድዎ ሲል፣ ሳያልቅ አስቀድመው ለክሊኒኩ ያሳውቁ።
• የዓይን አካባቢ እብጠት፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም ማቅለሽለሽ ካስቸገረዎት ያማክሩ። የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም እርግዝና ካሰቡም ይንገሩ።

ትኩሳት፣ የማይቆም ደም መፍሰስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።