«አባል ሁን፣ ሀብታም ትሆናለህ» ለሚሏችሁ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከዋሽንግተን መሀል አንድ ያገሬን ልጅ ጫንኩ። አሜሪካ ከገባ ዓመት አልሞላውም። 16ኛውን ጎዳና ይዘን ሽቅብ ስንሄድ፣ ኤስ ጎዳና ጥግ ላይ ሁለት የድንጋይ ስፊንክሶች በሩን የሚጠብቁትን ትልቅ ሕንፃ በመስኮት አየና «ጋሼ፣ የኢሉሚናቲ ቤት የሚባለው ይሄ ነው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ስልኩን አወጣ። አንድ «ወኪል ነኝ» ባይ በቴሌግራም ጽፎለታል። 300 ዶላር መመዝገቢያ ከላከ አባል ይሆናል፤ በወሩ ገንዘብ ይጎርፍለታል። አገር ቤት ያለች እናቱ ታማበት ተጨንቋል፤ ብሩን አዘጋጅቶ ጨርሷል። እንቅልፍ የነሳው ግን 300 ዶላሩ አልነበረም። «ነፍሴን መሸጥ ይሆንብኝ ይሆን?» የሚለው ነው። ለነፍሱ ሲፈራ ኪሱን ረስቶታል።

«አትላክ» አልኩት። መንገዱ አጭር ስለነበር ምክንያቱን በደንብ አልነገርኩትም። ለሱም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው። አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ አባል አይደለሁም፣ ግቡም አልላችሁም። ሎጅ ስል ደግሞ ባሕር ዳር ሄደን የምናድርበትን ማለቴ አይደለም። የፍሪሜሰኖች የወንድማማችነት ማኅበር አንዱ ቅርንጫፍ ሎጅ ይባላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ኢሉሚናቲና ፍሪሜሰን አንድ ናቸው ወይ?

አይደሉም። ኢሉሚናቲን በ1776 ያቋቋመው አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል በጀርመን ባቫሪያ የሕግ መምህር ነው። የባቫሪያው ገዥ በ1784 እና በ1785 ባወጣው ትእዛዝ ከለከለው፤ ማኅበሩም ተበተነ። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልኖረም። ዛሬ በኢሉሚናቲ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው በሞተ ሰው ስም ዕቁብ እንደሚሰበስብ ቁጠሩት። ያ ሕንፃ ግን እውነትም የፍሪሜሰን ነው። ስኮቲሽ ራይት የሚባለው ክፍላቸው ዋና ጽሕፈት ቤት ሲሆን በ1915 ተጠናቀቀ። የነደፈው ጆን ራስል ፖፕ የጄፈርሰንን መታሰቢያም የነደፈ ሰው ነው። ጎብኚ ይገባበታል፤ ለማየት የሚከፈል ነፍስ የለም።

ሁለተኛ፤ ሰይጣን ያመልካሉ የሚባለውስ?

ይህ ወሬ በሰፊው ከተነዛባቸው መንገዶች አንዱ በስሙ ይታወቃል። ሊዮ ታክሲል የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1885 «ተጸጽቼ ወደ ካቶሊክ እምነት ተመለስኩ» አለና ለ12 ዓመት ያህል ስለ ሜሶኖች የሰይጣን አምልኮ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አወጣ። ዳያና ቮን የምትባል ሴት «ከዚያ ያመለጠች ምስክር ናት» ብሎም አስተዋወቀ። ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ ላይ ሴትዮዋን አቀርባለሁ ብሎ ሕዝብ ሰበሰበ። መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው ግን ሁሉም የራሱ ፈጠራ እንደነበረ ነው። አዳራሹ በቁጣ ተናወጠ። ታክሲል አመነ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ በየዩቲዩቡ ይዞራል።

ሦስተኛ፤ ዶላሩ ላይ ያለው ዓይንስ?

ዓይኑና ፒራሚዱ በ1782 የጸደቀው የአሜሪካ ማኅተም የጀርባ ገጽ ናቸው። አንድ ዶላር ላይ የታተሙት በ1935 ነው። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዓይን ደግሞ ከዚያ በፊት በአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ የነበረ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል የሚል ምልክት ነው።

አራተኛ፤ ታዲያ እንዴት ይገባል?

በአሜሪካ ልማዳቸው ሰውየው ራሱ ጠይቆ ነው የሚገባው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ አባላት ያነጋግሩታል፣ ከዚያ በምስጢር ድምፅ ይሰጣል። በድሮው ሥርዓት ድምፁ በሳጥን ውስጥ በሚጣል ነጭና ጥቁር ኳስ ነበር፤ አንዲት ጥቁር ኳስ ሰውን ልታስቀር ትችላለች። በፈጣሪ መኖር ማመን ግዴታ ነው። አባሉ መግቢያና ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላል እንጂ ማንም ገንዘብ አይከፍለውም። ምስጢር የሚሉት ሥርዓትና የእጅ አጨባበጥም ቢሆን ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው በ1730 ለንደን ላይ በመጽሐፍ አውጥቶ ሸጦታል።

አምስተኛ፤ ምንም ጥፋት የለባቸውም ማለትህ ነው?

አላልኩም። በ1826 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዊልያም ሞርጋን የሚባል ሰው ምስጢራቸውን ላሳትም ነው ሲል ታፍኖ ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ሕዝቡ ከመቆጣቱ የተነሳ ፀረ ሜሶን የሚባል ፓርቲ ተቋቁሞ በ1832 ለፕሬዚዳንትነት እስከ መወዳደር ደርሷል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1738 ጀምሮ ምእመኖቿን ትከለክላለች፤ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በ1933 ከክርስትና ጋር አይሄድም ብላለች። ክርክራቸው ስለ መሐላውና ሃይማኖቶችን ሁሉ በእኩል ስለ ማስቀመጡ ነው። ይህ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ቁም ነገር ነው። ደም ይጠጣሉ ከሚለው ወሬ ጋር አታምታቱት።

ሌላም ጥፋት አለ፤ እሱን ለመንገር ከልጁ ጋር ወደ ሄድንበት መንገድ ልመለስ። ከ16ኛው ጎዳና ወደ ዩ ጎዳና ታጥፈን 9ኛው ጋ አወረድኩት፤ የኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ከዚያ አንድ ጎዳና ቀደም ብሎ፣ 10ኛውና ዩ ጥግ ላይ፣ ሁላችንም በየቀኑ የምናልፈው ሌላ የሜሶን ሕንፃ አለ። በ1920ዎቹ አልበርት ካሰል የሚባል ጥቁር አርክቴክት የነደፈው ነው። ይህ የፕሪንስ ሆል ሜሶኖች ቤት ነው።

ፕሪንስ ሆል ቦስተን የኖረ ነጻ ጥቁር ሰው ነበር። ወንድማማች ነን የሚሉት የነጮቹ ሎጆች እሱንና ጓደኞቹን እንደ እኩል አልቆጠሯቸውም። በ1770ዎቹ ወደ ማኅበሩ ያስገባቸው የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች ሎጅ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ወደ ለንደን ጻፉ፤ በ1784 የተጻፈው ፈቃድ በ1787 ቦስተን ደረሳቸው፤ አፍሪካን ሎጅ ቁጥር 459 ተባሉ።

በ1788 መጀመሪያ ላይ ቦስተን ውስጥ ሦስት ነጻ ጥቁሮች ሥራ አለ ተብለው መርከብ ላይ ከወጡ በኋላ ለባርነት ሊሸጡ ወደ ካሪቢያን ተወሰዱ። ፕሪንስ ሆልና የሎጁ አባላት ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አስገቡ። በዚያው መጋቢት ግዛቲቱ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሦስቱም ሰዎች በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ይከፈት ብለው የጠየቁትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በኋላ ዘመን ጠበቃውና ዳኛው ቱርጉድ ማርሻል የዚህ ማኅበር አባል ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለው የመብት ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስም ቢሮው በነሱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። የነጮቹ ሎጆች ግን ብዙ ቆይተው ነው የተቀበሏቸው፤ በ1989 የኮነቲከት ግራንድ ሎጅ እውቅና ሲሰጥ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

እንግዲህ ለልጁ በደንብ ሳልነግረው የቀረሁት ይህን ነው። ማኅበር ከእድራችን ታውቁታላችሁ። አባል ያዋጣል፣ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም ይጠይቃል። መዋጮው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ሰብሳቢው ፊቱ ይታያል። የቦስተኖቹ ሰዎችም ወንድማቸው ሲወሰድ በስማቸው ፈርመው ነው አቤት ያሉት። ፊቱን ሳያሳይ፣ ስሙን ሳይናገር፣ ችግራችሁን ሳይጠይቅ 300 ዶላር ላኩ የሚል ማኅበር አይደለም፤ ሌባ ነው።

አዲስ የመጡ ልጆች በእንዲህ ያለ ነገር ሲበሉ አፍረው ዝም ይላሉ። የደረሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ሥር ጻፉት፤ ስም አትጥቀሱ፣ ዘዴውን ብቻ ተናገሩ። ልጁም ይህን ካነበብክ ደውልልኝ፤ ስልኬን ሰጥቼሃለሁ። የእናትህን ነገር እድራችን ውስጥ ላነሳልህ እችላለሁ።

መልካም ሌሊት፣ እኔ ወደ መሪዬ ልመለስ።