ከባሕር ዛፍ እስከ ቀላል ባቡር፦ የከተማችን ጭስ ታሪክና የተማሪ ልጆቻችን ድርሻ



ባለፈው ሰሞን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከኮተቤ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥቶ ነበር። በትምህርት ቤት «የካርቦን አሻራችሁን በዕለት ተዕለት ኑሯችሁ እንዴት ትቀንሳላችሁ?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶታል። መልሱን ከኢንተርኔት ፈልጎ በወረቀት ገልብጦ ይዟል። የቤት ማሞቂያን ዝቅ ማድረግ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን አለመጠቀም፣ ለመዝናናት በአውሮፕላን አለመሄድ ይላል። «እኛ ቤት ማሞቂያም ማድረቂያም የለም። አውሮፕላን የማውቀው በጣራችን ላይ ሲያልፍ ነው። ታዲያ እኔ ምኑን ልቀንስ?» አለን።

ጥያቄው እኛንም አሳሰበንና የዛሬውን ዝግጅት በእሱ ላይ ለማድረግ ወሰንን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንናገራለን።

የካርቦን አሻራ ማለት አንድ ሰው በሚያበስለው፣ በሚጓዝበት፣ በሚለብሰውና በሚጥለው ነገር ሁሉ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን ነው። ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሕዝቡ ቢካፈል የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው። የዓለም አማካይ 5 ቶን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ ይደርሳል። ሆኖም ከ2020 እስከ 2023 በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲስተጓጎሉ ከብቶቹ ያለቁበት በሶማሌ ክልልና በቦረና ያለው አርብቶ አደር ነው። ያላጠፋ ሰው እንዲህ ሲቀጣ ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ ጥፋቱ የሌሎች ከሆነ እኛ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ከሰልንና ማገዶን አይጨምርም። የተማሪው ዝርዝር የተጻፈው ለሌላ አገር ቤት ነው። የእኛን ቤት አሻራ ለማወቅ የራሳችንን ከተማ ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ከተማዋን ያቆመው ዛፍ

አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ለማለቅ ብዙ ዓመታት አልፈጀበትም። በዚያ ዘመን ማገዶ ሲያልቅ ሰፈሩን ለቆ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ በነገሥታቱ ዘንድ የተለመደ ነበርና ዐፄ ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ይህ ሐሳብ ከቀረባቸው ምክንያቶች ዋነኛው በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ስሙንም ከዚያው አገኘ። እንግዲህ ዛሬ ቦሌም ሆነ መገናኛ የምንላቸው ሰፈሮች ሊኖሩ የቻሉት ከተማዋ ማገዶ ስላገኘች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ማገዶ የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ከእንጦጦ ጋራ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ሁላችሁም ታስታውሷቸዋላችሁ። ከተማዋ እንጀራዋን ለብዙ ዓመታት የጋገረችው በእነዚህ እናቶች ጀርባ ነው።

የከሰሉ ጆንያ ከየት ይመጣል?

ከማገዶው በኋላ ነጭ ጋዝ መጣ። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ወጡም ሻዩም የሚበስለው በነጭ ጋዝ ምድጃ ነበር። በ2008 መንግሥት ለነዳጅ ያደርግ የነበረውን ድጎማ ሲያነሳ ዋጋው ናረ፤ አቅም ያለው ወደ ኤሌክትሪክ፣ አቅም ያነሰው ወደ ከሰል ዞረ።

በልማዳዊው መንገድ አፈር አልብሰው ሲያከስሉት 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ስለዚህ በቤታችን ደጃፍ የሚወርደው አንድ ጆንያ በስተጀርባው ብዙ ጆንያ የሚሆን እንጨት አለ። ብዙው ከስምጥ ሸለቆ የግራር ዛፍ የተገኘ ነው። በአማራ ክልል በአዊ ዞን ያሉ ገበሬዎች ግን ለከሰል የሚሆን ዛፍ ራሳቸው ተክለው፣ ቆርጠው፣ መልሰው ይተክላሉ። የሚተካ ዛፍና የማይተካ ዛፍ አሻራቸው አንድ አይደለም። ችግሩ ገዢው ጆንያውን አይቶ ለመለየት አለመቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። አገራችን የ43 ሜጋ ዋት የቆቃን ግድብ በ1960 ሥራ አስጀመረች። ግልገል ጊቤ አንድ በ2004፣ ተከዜ በ2009፣ ጣና በለስ በ2010፣ ጊቤ ሦስት በ2016 ተከተሉ። በመስከረም 2025 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከኤሌክትሪካችን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከውሃ ነው። በሌላ አገር ኤሌክትሪክ ማለት ብዙ ጊዜ የድንጋይ ከሰል ጭስ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ግን በኤሌክትሪክ ሻይ ማፍላት በከሰል ከማፍላት እጅግ የነጻ ነው። ተማሪው ከውጭ የገለበጠው ምክርና የእኛ ቤት የሚለያዩት በዚህ ነው። አምፖል ማጥፋት መልካም ነው፤ ነገር ግን አምፖሉን አጥፍቶ ከሰል የሚያነድ ቤት ብዙም አልቀነሰም።

ይህ ሲባል ኤሌክትሪክ ይባክን ማለታችን አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ሁሉም ቤት ከመግሪብ በኋላ ምጣዱን ሲጥድ መስመሩ ይጨናነቃል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቦሌ ሕንፃዎች ጄኔሬተር በናፍጣ ይነሳል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት እንዳላገኘም አንርሳ።

መንገዱ

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት ከተማዋ የምትጠቀመው በልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 የጄት አውሮፕላኖቹን ሲረከብ የልደታው ሜዳ ስለጠበበ ቦሌ ተሠራ፣ ሰፊው መንገድም ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ መስፋቷን አላቆመችም። ገርጂ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ እያልን የምንጠራቸው ሰፈሮች ጤፍና ስንዴ ይዘራባቸው የነበሩ ማሳዎች ናቸው። በ2004 የጋራ መኖሪያ ቤት ሙከራ የተጀመረውም እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነው። ቤቱ ሲርቅ መንገዱ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም ነዳጁ ይበዛል።

በ2015 መጨረሻ ገደማ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ ጀመረ። በውሃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖር ተማሪ ትልቅ ጸጋ ነበር። በኋላ ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውና ተሳፋሪው መጋፋቱ እውነት ነው። ቢሆንም ባቡሩ በሚገኝበት ሰዓት መሳፈር ከሁሉ የቀለለው አሻራ ነው። በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ የእሑድ ቀን ተጀመረ። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በቦሌ መንገድም ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ ጠዋት በትምህርት ቤት በር ላይ የምናየው ምንድን ነው? አንድ ልጅ የጫነ አንድ መኪና፣ ከኋላው ሌላ አንድ ልጅ የጫነ መኪና፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ተሰልፎ ይቆማል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ወላጆች ስለ መንገዱ ደህንነት ብትሰጉ አንፈርድባችሁም። የጎረቤት ልጆችን አሰባስቦ በእግር መላክ፣ ወይም አራት ልጆችን በአንድ መኪና ማድረስ ግን የሚቻል ነገር ነው።

የጣልነው የት ይሄዳል?

ከቦሌም ከኮተቤም የሚወጣው ቆሻሻ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በቆሼ ሲከመር ኖሯል። በመጋቢት 11 ቀን 2017 ምሽት ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ከእኛ ቤት የወጣውን እየለቀሙ የሚኖሩም ነበሩባቸው። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ በዚያው ስፍራ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያ መሠራቱ መልካም ነው፤ የሞቱትን ግን አይመልስም።

የምግብ ትርፍራፊ በክምር ሥር ያለ አየር ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። በረመዳን ከኢፍጣር ማዕድ ተርፎ የሚደፋውን ሳንቡሳና ሾርባ እስቲ አስቡት። አላህ (ሱ.ወ) ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ሲል ያዘዘን ስለ ጋዙ ባናውቅም የሚበቃን ነበር።

እናቶቻችን ይህን ያውቁበታል። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ በፕላስቲክ ዕቃ ይለውጣል፤ «ቁራሌው!» የሚለው ጠርሙስና ብረት ይሰበስባል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲና ሳጥን ሲሠሩ ኖረዋል። ዓለም ዛሬ በትልልቅ ጉባኤ የሚያወራለትን መልሶ መጠቀም እነርሱ ለጉሮሯቸው ሲሉ ሲሠሩት ቆይተዋል።

ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2007 ወጥቶ ነበር። በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጠበቅ አድርጎ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የአያቶቻችን ዘንቢል ግን ከአዋጁ በፊትም ነበር።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ ለዚያ ተማሪ ካጫወትነው በኋላ አብረን አዲስ ዝርዝር አወጣን። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር እንድትነጋገሩበት እነሆ፦

መጀመሪያ የከሰሉ ነገር። መብራት ባለበት ሰዓት ሻይና ወጥ በኤሌክትሪክ ይሁን። ለቡና ከሰል ካስፈለገ «ላቀች» የተባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰል በሩብ ያህል ይቆጥባል። በእንጨት የሚጋገርበት ቤት ካለ «ምርጥ» ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ደግሞ ነፍስ ያጠፋልና መስኮት ከፍቶ፣ ከመኝታ በፊት ማውጣት ግዴታ ነው። ለእናት ሳንባም ለአየሩም የሚበጀው አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ያለውን መንገድ በእግር፤ የራቀውን በባቡር ወይም በአውቶቡስ።

ሦስተኛ፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ማውጣት፣ የተረፈውን ሳይበላሽ ለጎረቤት ወይም ለችግረኛ ማድረስ።

አራተኛ፣ ያለውን ማቆየት። የአንድ ስልክ አሻራ አብዛኛው የሚገኘው ሲሠራ እንጂ ቻርጅ ሲደረግ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን አንድ ሁለት ዓመት ጨምሮ መያዝ፣ መማሪያ መጽሐፍን ለታናሽ ማስተላለፍ፣ ያላለቀ ደብተር ገጽን መጠቀም ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛ ውሃ። ከለገዳዲ ግድብም ሆነ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ተጣርቶና ተገፍቶ ነው ቤታችን የሚደርሰው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተጋጥሞ በሚሞላው ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እኛ ግን ቧንቧውን ከፍተን ከጓደኛችን ጋር እያወራን ውዱእ እናደርጋለን።

ስድስተኛ፣ ከ2019 ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ተማሪው የተከለውን በበጋ ሄዶ ውሃ ያጠጣ። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰውም ወፍም ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን ነግረውናል፤ የደረቀ ችግኝ ግን ማንንም አያበላም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ሁሉ ብናደርግ የዓለምን ሙቀት ብቻችንን አንመልሰውም። የትልልቆቹ አገሮች ዕዳ የእነርሱ ነው፣ ልንጠይቃቸውም ይገባል። ሆኖም በቤታችን የሚነደው ከሰል የሚያጨሰው በመጀመሪያ በእናቶቻችን ፊት ነው፤ የምንጥለው ቆሻሻም የሚከመረው በድሃ ወገናችን ደጃፍ ነው። ስለዚህ ሥራው የእኛ ነው።

ተማሪው የቤት ሥራውን እንደገና ጽፎ አስገብቷል። ስንት እንዳገኘ እስካሁን አልነገረንም፤ ነገር ግን እናቱ የሻዩ ጀበና ከከሰል ምድጃ ወደ ኤሌክትሪኩ መዛወሩን ደውለው ነግረውናል። አላህ በሰጠን ጸጋ የምንጠነቀቅ ያድርገን። ኢንሻአላህ በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።